ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የሚቀር ሕመም

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ስንዴ፣ ስለ ዘር ወይም ስለ ምንጭ ውኃ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ደርሰውት ሳለ ገና ስላልዳነ ሰው ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ባለው ደጋ፣ ቤቱ ተጠግኖ፣ በሬው ተተክቶ፣ ገብሱ በቅሎ እያለ ሌሊት እንቅልፍ የማያገኝ ሰው አለ። ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ቤተሰቡ ግን ደኅና አለመሆኑን ያውቃል።

ስለዚህ ሰው ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ እኛ ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንደሚገባን፤ ሦስተኛ፣ ሐኪም እንዴት እንደሚያክመው። ትምህርቱን በአንድ ጊዜ አንብቦ ከመጨረስ ይልቅ በየክፍሉ እየቆሙ መወያየት ይበልጥ ይጠቅማል።

1. በአካባቢያችን የሆነው

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ደቡብ ጎንደር ደረሰ። የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማዋ ቆዩ። በዚያው ነሐሴ በደብረ ታቦር ከተማ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ብዙ ሕዝብም ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ ሸሽቷል።

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በእነዚያ ቀናት በነፋስ መውጫ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች አነጋግሯል። ከእነርሱ 14ቱ ከአንድ በላይ በሆኑ ተዋጊዎች መደፈራቸውን ተናግረዋል። የከተማው ሆስፒታልና የጤና ተቋማት ተዘርፈውና ተጎድተው ስለ ነበር ሴቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ሙሉ ሕክምና ሊያገኙ አልቻሉም። በትግራይና በአፋርም እንዲሁ እጅግ ብዙ ሰው በተለያዩ ታጣቂዎች እጅ ተመሳሳይ መከራ ደርሶበታል። ሕመሙ የወገን ልዩነት አያውቅም፤ እኛም በርኅራኄያችን ልዩነት ልናደርግ አይገባንም።

ያ ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ውጊያ ተነሣ። አረጋውያኑ ደግሞ በደርግ ዘመን መጨረሻ በዚሁ በጉና ዙሪያ የተደረገውን ከባድ ውጊያ ያስታውሳሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድንጋጤ ተሸክመው ሊገኙ ይችላሉ።

2. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ይህን ሕመም ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ይሉታል፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ባጭሩ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ይባላል። እኛ ሰቀቀን የምንለው ቃል ለዚህ በጣም ይቀርባል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ ሲታይ የቦምብ ድንጋጤ ይሉት ነበር። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ሁኔታ በሰፊው ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዛሬ በሚታወቅበት ስም በሕመሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ይሁን እንጂ ወታደሩን ብቻ የሚይዝ ሕመም አይደለም። የተደፈረችን ሴት፣ ልጁ ሲገደል ያየን አባት፣ ከመኪና አደጋ የተረፈን ሰው፣ ሕፃንንም ይይዛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በግቢያችን የሚጠብቅ ጥሩ ውሻ አለ እንበል። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ሥራው ነውና። አንድ ሌሊት ጅብ ገብቶ ከነከሰው በኋላ ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽም፣ ጎረቤት ሲያልፍም፣ ነፋስ በር ሲነካም ይጮኻል። ውሻው አልከፋም፣ አላበደምም። ከጅቡ ወዲህ ጠላትን ከወዳጅ መለየት ተስኖታል እንጂ። በአእምሯችን ውስጥም አደጋን የሚያስታውቅ እንዲህ ያለ ጠባቂ ክፍል አለ። ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ድንጋጤ ሲደርስበት ይህ ጠባቂ አደጋው ካለፈ በኋላም ዝም ሊል አይችልም። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ያለፈው ነገር አሁን እንደሚሆን ሆኖ ይሰማል።

ምልክቶቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው፣ የሆነው ነገር ተመልሶ መምጣቱ ነው። በሌሊት በቅዠት፣ በቀን ደግሞ ሳይጠሩት በዓይን ፊት ይደቀናል። ሰውየው እያስታወሰ ብቻ አይደለም፤ እንደገና በዚያ ሰዓት ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ሁለተኛው፣ መሸሽ ነው። ነገሩ የተፈጸመበትን መንገድ አያልፍም፤ ስለዚያ ወሬ ሲነሣ ተነሥቶ ይወጣል። ገበያ፣ ለቅሶና ጉባኤ ይቀራል። አንዳንዱ ስሜቱ ሁሉ ስለ ደነዘዘ ልጁን እንኳ እንደ ቀድሞው መውደድ ያቅተዋል።

ሦስተኛው፣ ዘወትር ነቅቶ መጠበቅ ነው። ትንሽ ድምፅ ያስበረግገዋል፤ ጀርባውን ለበር አይሰጥም፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጆቿን ያለ ምክንያት የሚቆጡ ከሆነ ከበስተኋላው ይህ ሊኖር ይችላል።

በልጆች ላይ ምልክቱ ይለያል። ሽንት መያዝ ችሎ የነበረ ልጅ እንደገና በመኝታው ላይ ይሸናል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ ያየውን ግድያ ወይም ሽሽት በጨዋታ እየደጋገመ ያሳያል፤ ትምህርት አይገባውም።

በጉና ዙሪያ አንድ ወቅት በተለይ ልብ ልንለው ይገባል። ነፋስ መውጫ በተያዘችባቸው ቀናት መካከል ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ ነበረ። በቡሄ ሰሞን እረኞች ጅራፍ ያጮኻሉ። ይህ ለአገሩ የደስታ ድምፅ ነው፤ ሰቀቀን ለያዘው ሰው ግን የጥይት ድምፅ ነው። ጭጋጉ፣ ጭቃው፣ የፍልሰታ ጾም መግባቱ ሁሉ ያን ጊዜ ይመልስበታል። ሐምሌ ሲያልቅ ባሕርይው የሚለወጥ ጎረቤት ካለን፣ «ምን ነካው?» ከማለታችን በፊት ቀኑን እንቍጠር። ልጆቹንም ጅራፉን ከዚያ ቤት ራቅ አድርገው እንዲያጮኹ ብንለምናቸው በዓላቸው አይጓደልባቸውም።

ከአደጋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት መደንገጥ፣ ማልቀስና እንቅልፍ ማጣት የማንኛውም ጤነኛ ሰው ጠባይ ነው፤ የሚበዛው ሰው ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ይድናል። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩ፣ ሥራንና ኑሮን ሲያውኩ ግን ሕመም ሆኗል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ ጦርነት በደረሰባቸው አገሮች ከሚኖሩ 100 ሰዎች መካከል 22 ያህሉ የመንፈስ ጭንቀትን፣ ይህን የሰቀቀን ሕመምና ሌሎችን ጨምሮ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው። እንግዲህ 50 ሰው በሚሰበሰብበት ጉባኤ አሥር ያህል እንዲህ ያሉ ሰዎች አጠገባችን ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬም የጥይት ድምፅ በሚሰማበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ነቅቶ ቢያድር ሁሉ ሕመም ነው ማለት አይደለም፤ ጠባቂው ሥራውን እየሠራ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «ሁሉ ሰላም ነው፣ አትፍራ» ብለን አንዋሸው። ይልቁንስ «ዛሬ ማታ የት ብታድር ይሻልሃል?» ብለን እንጠይቀው።

3. ሁለት ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት «ሆድ ይፍጀው» ማለት ነው። ቻይነት በአገራችን የተከበረ ነገር ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ሴት ገበናዋን አታወጣም፤ የተደፈረች ሴት ብትናገር ባሏ ሊፈታት፣ መንደሩ ሊጠቋቆምባት ይችላል። ስለዚህ በሆዷ ትይዘዋለች። ነገር ግን ሆድ ይህን አይፈጀውም። በሆድ የተያዘው ነገር እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምትና ቁጣ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ ለእንቅልፍ ብሎ አረቄ ይጀምራል፤ አረቄው ለአንድ ሌሊት ያደነዝዘዋል እንጂ ሕመሙን ያብሳል።

በጉባኤያችንም ይህን ስሕተት በሌላ ልብስ እናለብሰዋለን። «እምነት ቢኖርህ አትፈራም ነበር»፣ «ያለፈውን እርሺው» እንላለን። እንዲህ የተባለ ሰው ሁለት ሸክም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የፊተኛውን ፍርሃትና ከፈጣሪው የራቀ የመሆንን ኀፍረት። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ሞትን እየለመነ በክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰጠው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ እንደ ነበር እናስተውል። ጥያቄው የመጣው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ንገሪኝ፣ ይውጣልሽ» ብሎ ማስገደድ። ከአደጋ በኋላ ሰዎችን ሰብስቦ የሆነባቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲናገሩ ማድረግ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዶችንም እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። ሰው ተዘጋጅቶ፣ በራሱ ፈቃድ፣ በሚያምነው ሰው ፊት ሲናገር ይረዳዋል። ተገዶ ሲናገር ግን ነገሩ እንደገና ይደርስበታል።

በዚህ በኩል እኛ የተራድኦ ሠራተኞች ራሳችን በደለኞች መሆናችንን እንናዘዛለን። አንዲት እናት ለስንዴ ስትመዘገብ ምን እንደ ደረሰባት እንጠይቃታለን። ለብርድ ልብስ ሌላ ሠራተኛ ሌላ መዝገብ ይዞ ይጠይቃታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳም ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደገና ይጠይቃታል። እርሷም ስንዴው እንዳይቀርባት ስትል ትናገራለች። ቀን ለእኛ የነገረችንን ሌሊት ብቻዋን ታየዋለች። ይህ መቅረት አለበት። እርዳታ የሚሰጠው ለችግር እንጂ በታሪክ ልዋጭ አይደለም። በጉባኤም እንዲሁ፣ የተጎዳን ሰው ምስክርነት እንዲሰጥ ወደ መድረክ አንጥራው።

4. እኛ ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዋር ትራውማ ፋውንዴሽንና ወርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ ሥነ ልቡናዊ እርዳታ መምሪያ ነገሩን በሦስት ቃል ያጠቃልለዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ማየት፤ ከጉባኤ የቀረው ማን ነው? ከደቦ የተለየው ማን ነው? ቡና ስትጠራ የማትመጣው ጎረቤት ማን ናት? የራበው፣ የበረደው ወይም አሁንም ጥቃት የሚያሠጋው ካለ በቅድሚያ ያ መፍትሔ ያግኝ።

ማዳመጥ፤ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጡ ሕዝባችን ያውቃል። ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እሳት ማንደድ፣ ውኃ መቅዳት ነው። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው ምክንያቱን ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «እማማ፣ አብሬዎት አለሁ። ማውራት ባይፈልጉ ግድ የለም። ማውራት በፈለጉ ቀን ግን እሰማዎታለሁ።» የሰማነውንም ለሦስተኛ ሰው፣ ለጸሎት ርእስ እንኳ ብለን፣ አናወጣም። ምስጢር የባከነበት ጉባኤ ሁለተኛ ምስጢር አይነገረውም።

ሰውየው በድንገት ቢርበተበትና ያለፈው ቢመጣበት፣ ሳንይዘውና ሳንጮህበት በስሙ እንጥራው፤ ያለበትን ቦታና ዕለቱን እንንገረው። እግሩን በመሬት ላይ እንዲተክል፣ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች እንዲጠራ፣ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ረዘም አድርጎ እንዲያስወጣ እንርዳው። ይህን አስቀድሞ በደኅና ቀን ቢለማመደው በጭንቅ ቀን ይቀለዋል።

ማገናኘት፤ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከዘመድ፣ ከዕድሩ ጋር እናገናኘው። የተደፈረች ሴት ከሆነች ጊዜው አጭር ነው፤ የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ እርግዝና መከላከያው በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ጊዜው ቢያልፍም ሌላው ሕክምና ስለሚያስፈልጋት «ዘግይቷል» ብለን አንተዋት።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ በግልጽ እንጠይቀው፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ያቀልለታል እንጂ። «አዎ» ካለ ብቻውን አንተወው፤ የተባይ መድኃኒት፣ ገመድና መሣሪያ ከአጠገቡ እናርቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው።

5. ሐኪም እንዴት ያክመዋል?

ይህ ሕመም የሚታከም ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ለዓመታት ይሠቃያል። ዋናው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው። ታካሚው ከባለሙያው ጋር በተከታታይ ቀናት እየተገናኘ የሸሸውን ትዝታ ቀስ እያለ፣ በአቅሙ ልክ፣ በአስተማማኝ ቦታ ይቀርበዋል። በምሳሌያችን እንናገር ካልን፣ ውሻው የጎረቤትን ኮቴ ከጅብ ኮቴ መለየትን እንደገና ይማራል። ትዝታው አይጠፋም፤ ነገር ግን ያለፈ ነገር ሆኖ በቦታው ይቀመጣል።

ከዚህ ሕክምና ዓይነቶች አንዱ በጀርመን አገር በኮንስታንዝ የተዘጋጀ ነው። ታካሚው በመሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜው ነው። ለመልካም ቀኑ አበባ፣ ለክፉ ቀኑ ድንጋይ በየቦታው ያኖራል። ከዚያም ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ባለሙያውም ይጽፍለታል። በዩጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ሠፈር የሶማልያና የሩዋንዳ ስደተኞች ይህን ሕክምና አግኝተው ተሽሏቸዋል። አካሚዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ በሚገባ የሠለጠኑ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ይህ ሐኪም በማይበዛበት አገራችን ትልቅ ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ የሠለጠኑና ተቆጣጣሪ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ፤ ይህን ጽሑፍ ብቻ አንብበን ገመድ አንዘርጋ።

መድኃኒትም አለ። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት ይረዳሉ። ለውጣቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው አይገባም። በአንጻሩ ዳያዜፓም የተባለው የማስተኛ ክኒን ይህን ሕመም አያድንም፤ ልማድም ይሆናል። ስለዚህ ከጎረቤት ተቀብሎ ወይም ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ሐኪም አዝዞለት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በድንገት አያቋርጠው፤ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

የአእምሮ ሕክምና በደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በባሕር ዳርም ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ከጤና ጣቢያው መጀመር ይቻላል። ጎረቤታችን ጠበል የሚሄድ ከሆነ ከጠበሉና ከመድኃኒቱ አንዱን ምረጥ አንበለው፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ሳይታሰርና ሳይደበደብ ይሂድ። የእኛም ጸሎት እንዲሁ ክኒኑን የሚያስጥል አይሁን።

6. ለሠራተኞች

የሌላውን ኀዘን ዕለት ዕለት የሚሰማ ሰው ራሱም ይታመማል። ቅዠት የጀመረው፣ ከሰው የሸሸ፣ ሁሉ ያስመረረው ሠራተኛ ካለ ደካማ ነው ብለን አንፍረድበት። በሳምንት አንድ ቀን ይረፍ፤ የሚያዳምጠው ሰው ይኑረው። ከእኛም ብዙዎቻችን ከዚያ ክረምት የተረፍን ነን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በጉባኤያችን ለተጎዳ ሰው የምንናገራቸውን ቃላት እናስታውስ። የትኞቹ ያጽናናሉ? የትኞቹ ሸክም ይጨምራሉ?

ለ. በምዝገባ ጊዜ የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናንብብ። ለእርዳታው የማያስፈልገው የትኛው ነው?

ሐ. በሚመጣው ነሐሴ በቀበሌያችን ማንን እንጎብኝ? ከማን ጋር እንሂድ?

መ. ከቤታችን እስከ ጤና ጣቢያው በሽተኛን የሚሸኝ ሰው ማን ነው? የመጓጓዣውንስ ማን ይሸፍናል?

ወገኖቻችን ሆይ፤ ስንዴ ላካችሁ፣ ዘር ላካችሁ፣ እናመሰግናለን። አሁን የምንለምናችሁ ገንዘብ የማይገዛውን ነው፤ በአንድ ጎረቤት ደጃፍ ሳትቸኩሉ እንድትቀመጡ፣ ሳይነግራችሁም በሚቀጥለው ሳምንት እንድትመለሱ።